የመጀመሪያዎቹ ፕላዝማዎች ዋጋቸውን ያወጡ ነበር?

የዛሬው ርዕሳችን ፕላዝማ ነው። አዎ፣ ብዙዎቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሳተላይት የተማርንበት ፕላዝማ።

ለመሆኑ ፕላዝማ እንዴት ያበራል? የፍሎረሰንት መብራትን አስቡ። በውስጡ ጋዝ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ዓይን የማያየው ጨረር ያወጣል፤ ጨረሩም መስታወቱ ላይ የተቀባውን ዱቄት ያበራዋል። ፕላዝማ ማለት እንግዲህ፣ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፍሎረሰንቶች ጎን ለጎን የተደረደሩበት ስክሪን ነው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ።

ታዲያ መግዛቱ ያዋጣ ነበር? በ1997 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው ባለ 42 ኢንች ፕላዝማ ዋጋው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ምስሉ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል! ከጎን ሆነው ቢያዩትም አይደበዝዝም፤ ኳስ ሲታይበትም ጥርት ይላል። ችግሩ ዱቄቱ ነው። ብዙ የበራ ፍሎረሰንት ቶሎ እንደሚደክም ሁሉ፣ የጣቢያ ዓርማ ዘወትር የሚታይበት የፕላዝማ ጥግም ቀድሞ ይደክማል። ከዚያማ ጣቢያ ብትቀይሩም ዓርማው እንደ ጥላ ይቀራል። ኤሌክትሪክም ይበላል።

ስለዚህ በእኔ እምነት፣ ለቤት አያዋጣም ነበር። ጥቂት ዓመት የታገሠ ሰው የተሻለውን በረከሰ ዋጋ አግኝቷል። አሮጌ ፕላዝማ እጃችሁ ላይ ካለ ግን ብርሃኑን ቀነስ አድርጉት፤ የማይንቀሳቀስ ምስልም ለረጅም ሰዓት አትተዉበት።