ስለ ተሳቢ ቤትና ስለ ጎታቹ መኪና ሚዛን



እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. ከኬፕታውን ተነሥቶ ወደ ካይሮ ያመራ አንድ ረጅም የመኪና ሰልፍ በኢትዮጵያ በኩል አልፎ ነበር። በሰልፉ ውስጥ 41 ያህል በአሉሚኒየም የተለበጡ ተሳቢ ቤቶች ነበሩ። ጉዞውን የመራው ኤርስትሪም የተባለውን ተሳቢ ቤት የሚሠራውን ኩባንያ ያቋቋመው አሜሪካዊ ዋሊ ባያም ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መንገደኞቹን ተቀብለዋቸዋል። ተመልካቹን የሚማርከው የቤቶቹ ብልጭታ ነው። መሐንዲስን የሚያሳስበው ግን በመኪናውና በቤቱ መካከል ያለችው፣ ከብርቱካን እምብዛም የማትበልጥ የብረት ኳስ ናት። የመላው ቤተሰብ ደኅንነት፣ ከፊት ለፊት የሚመጣው የሌላው ሰው ሕይወትም ጭምር፣ በእርሷ ላይ ያረፈ ነውና።

እንዲህ ያለው ተሳቢ ቤት በሰሜን አሜሪካ ኤስ.ዩ.ቪ. እየተባለ በሚጠራው ትልቅ የመስክ መኪናም ይጎተታል። በአገራችን አውራ ጎዳናዎች ከሚታወቀው የጭነት ተሳቢ ግን በአንድ ዋና ነገር ይለያል። የጭነት ተሳቢው ከፊትም ከኋላም አክስል ስላለው ክብደቱን በራሱ እግር ተሸክሞ ይሄዳል፤ ጎታቹን ይስበዋል እንጂ ብዙም አይጫነውም። የጉዞ ተሳቢ ቤት አክስሎች ግን በመካከሉ አጠገብ ስለ ተተከሉ፣ የክብደቱ ከፊል በኳሷ በኩል በመኪናው ጅራት ላይ ያርፋል። በአሜሪካ አሠራር ይህ የኳስ ጭነት ከቤቱ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ይፈለጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ከመነሻው ነው። የመኪናው የሽያጭ መግለጫ «3,600 ኪሎ ግራም ይጎትታል» ይላል፤ ገዢውም 3,000 ኪሎ የሚመዝን ቤት መርጦ «ገና 600 ይቀረኛል» ሲል ይደሰታል። ነገር ግን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ሌላ ትንሽ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ይኸውም መኪናው በራሱ ላይ ሊሸከም የሚችለውን የሰውና የዕቃ ክብደት የሚገልጸው ነው። ለምሳሌ ይህ ቁጥር 700 ኪሎ ቢሆን፣ አምስት ሰዎች 375፣ የኋላው ሻንጣ 90፣ የማያያዣው ብረት ራሱ 45 ኪሎ ይወስዳሉ። የሚቀረው 190 ነው። የ3,000 ኪሎው ቤት የኳስ ጭነት 350 ኪሎ ከሆነ፣ መኪናው ገና ከግቢ ሳይወጣ በ160 ኪሎ ከልክ አልፏል። የኳሱን ጭነት 12 በመቶ አድርገን ብናሰላ፣ ይህ ቤተሰብ በደኅና ሊጎትት የሚችለው 1,600 ኪሎ ያህል የሚመዝን ቤት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ከመግለጫው ቁጥር ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሻጩ ዋሽቷል ለማለት አይቻልም፤ የነገረው እውነት ግን ለዚህ ቤተሰብ የሚበጀው እውነት አይደለም።

የኳሱ ጭነት ከመጠኑ ይልቅ ያረፈበት ቦታ የበለጠ ያስቸግራል። ኳሷ ከኋላ አክስል በስተኋላ 1.3 ሜትር ርቃ፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር ቢሆን፣ መኪናው በፓሎ እንደሚፈነቀል ድንጋይ ይሆናል። የኋላ አክስል መደገፊያው ነው፤ 350 ኪሎው ጅራቱን ሲጫን አፍንጫው ይነሣል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 350 በ1.3 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 152 ኪሎ ይሆናል። ይህን ያህል ክብደት ከፊት ጎማዎች ላይ ይነሣል፤ የኋላ አክስል ግን 350ውን ብቻ ሳይሆን 502 ኪሎ ይጨመርበታል። ፊታቸው የቀለለ ጎማዎች መሪን በሚገባ አይታዘዙም፤ ፍሬንም ሲያዝ ድርሻቸውን አያደርሱም፤ የሌሊቱም መብራት ከመንገዱ ይልቅ የዛፉን ጫፍ ያበራል። የኋላውን ባሌስትራ ማጠንከር ወይም የአየር ከረጢት መጨመር መኪናውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል እንጂ ከፊት የሸሸውን ክብደት አይመልስም። ዓይን የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ክብደቱን የሚመልሰው ጭነት አከፋፋይ ማያያዣ የሚባለው ነው። ከማያያዣው ራስ ሥር ሁለት ጠንካራ የብረት ዘንጎች ወጥተው በቤቱ መጎተቻ ክንድ ላይ ተወጥረው ይታሰራሉ። ዘንጎቹ ለመቃናት በሚያደርጉት ግፊት የመኪናውን ጅራት ወደ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋሉ። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ከኳሷ እስከ ቤቱ አክስል 5 ሜትር ቢሆንና ፊት ከሸሸው ግማሹ፣ ማለት 76 ኪሎው፣ እንዲመለስ ቢደረግ፣ ወደ ቤቱ አክስሎች 36 ኪሎ ያህል ይሻገራል፤ የኋላው አክስል ተጨማሪ ጭነትም ከ502 ወደ 390 ይወርዳል። ሁሉን ለመመለስ ሲባል ዘንጎቹን ከልክ በላይ መወጠር ደግሞ ሌላ ጥፋት ያመጣል፤ የኋላ ጎማዎች ቀልለው በኩርባ ላይ ጅራቱ እንዲከዳ ያደርጋል። ስለዚህ ምን ያህል ይመለስ ለሚለው ጥያቄ የመኪናው ፋብሪካ መመሪያ እንጂ የጎረቤት ምክር መልስ አይሆንም። ማረጋገጫውም ሚዛን ነው። መኪናው ጭነቱንና ሰዎቹን እንደያዘ መጀመሪያ ለብቻው፣ ሁለተኛ ቤቱ ተያይዞ ዘንጎቹ ሳይወጠሩ፣ ሦስተኛ ተወጥረው በሚዛን ጣቢያ ይመዘናል። በሦስት ወረቀቶች ላይ የተጻፈው የፊት አክስል ክብደት ሁሉን ይናገራል።

ከሁሉ የሚያስፈራው መወዛወዝ ነው። ተሳቢ ቤት በኳሷ ላይ የሚዞር ረጅም ፔንዱለም ነው። ትልቅ የጭነት መኪና በጎኑ ሲያልፍ ወይም ንፋስ ሲመታው ወደ ጎን ይሄዳል፤ የመኪናውንም ጅራት ይዞ ይሄዳል። በዝግታ ሲነዳ ጎማዎቹ ውዝዋዜውን ቶሎ ያበርዱታል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ግን ይህ የማብረድ ኃይል እየቀነሰ ሄዶ፣ ከአንድ የፍጥነት ወሰን በኋላ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከፊተኛው የሚበልጥ ይሆናል። ሾፌሩ በ90 ኪሎ ሜትር ምንም ሳይሰማው ቆይቶ በ105 መኪናው ከእጁ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ወሰኑን የሚወስነው ከሁሉ በፊት የዕቃው አደራደር ነው። በምሳሌው ቤት ከአክስሉ በስተኋላ 3.5 ሜትር ላይ 100 ኪሎ የሚሆን ብስክሌትና ጀሪካን ቢሰቀል፣ የኳሱ ጭነት በ70 ኪሎ ቀንሶ 280 ይሆናል፤ ቤቱ 3,100 መዝኗልና ይህ 9 በመቶ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በጫፍ የተሰቀለ ክብደት አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ ለማቆም እጅግ ያስቸግራል። ከባድ ዕቃ ከአክስሉ አጠገብ፣ ጥቂት ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ከወለል ሳይርቅ መቀመጥ አለበት። ውዝዋዜ የሚገቱ የሰበቃ መሣሪያዎች በገበያ አሉ፤ ይረዳሉም። በመጥፎ አጫጫን የመጣውን ጥፋት ለመሸፈን የተገዙ እንደሆነ ግን ትኩሳትን ለብርድ ልብስ እንደ መስጠት ነው። ውዝዋዜው ከተነሣ ሾፌሩ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ነዳጁን ቀስ ብሎ ለቆ፣ የቤቱን ፍሬን ብቻ በእጅ መቆጣጠሪያው ይይዛል። የመኪናውን ፍሬን በድንገት የረገጠ ሰው ቤቱን ከኋላው ያስገፋል።

ስለ ፍሬን ሲነሣ ቁልቁለትን መዘንጋት አይቻልም። መኪናውና ቤቱ አብረው 6,000 ኪሎ ቢመዝኑና 1,000 ሜትር ከፍታ ቢወርዱ፣ 59 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት፤ ይህም 175 ሊትር ውኃን ከ20 ወደ 100 ዲግሪ የሚያደርስ ሙቀት ነው። ይህን ሁሉ ለፍሬን ሸራ የሚተው ሾፌር ከግማሽ መንገድ በኋላ ፔዳሉ ለስልሶ ያገኘዋል። በዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ተሳቢ ይዞ የወረደ የጭነት ሾፌር ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ ማርሹን ዝቅ ያደርጋል፣ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ፍሬኑን በየጊዜው አጥብቆ ነክቶ ይለቃል። አሜሪካውያንም ለሽቅቡ አንድ የታወቀ ፈተና አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. የወጣው ጄ2807 የተባለው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ፣ በአሪዞና ዴቪስ ዳም የሚባለውን 18 ኪሎ ሜትር ያህል አቀበት በ38 ዲግሪ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣው በሙሉ ኃይል እየሠራ፣ ከ64 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳይወርዱ መውጣትን ይጠይቃል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የመጎተት ቁጥሩን እንደ ፈቀደ ይጽፍ ነበር።

የቤቱ ኤሌክትሪክ ፍሬን በሾፌሩ እጅ ካለው መቆጣጠሪያ ጋር መስማማቱ የሚረጋገጠው በባዶ ሜዳ ላይ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዱ የእጅ ማንሻውን ይጫኑታል፤ ጎማዎቹ ሊቆለፉ እስኪቃረቡ ኃይሉን ጨምረው ከዚያ ጥቂት ይቀንሳሉ። የደኅንነት ሰንሰለቶቹ ከመጎተቻው ክንድ ሥር ተጠላልፈው ይታሰራሉ፤ ማያያዣው ቢከዳ ክንዱን አስፋልት ሳይነካ ይይዙታልና። ቤቱ ቢለይ ፍሬኑን በራሱ ባትሪ የሚያስይዘው የአደጋ ገመድ ግን ከሰንሰለቱ ጋር ሳይሆን ለብቻው ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። የጎማ ንፋስ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቤቱ ጎዳና ሲወጣ ሥራው አላለቀም። የአዲስ ጎማ ብሎኖች ከ16፣ ከ40ና ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላ በመለኪያ ቁልፍ እንደገና ይጠበቃሉ። ሾፌሩ በቆመ ቁጥር በቤቱ ዙሪያ ይዞራል፤ እጁንም ወደ እያንዳንዱ የጎማ ማዕከል አቅርቦ ሙቀታቸውን ያነጻጽራል። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥለው አንዱ፣ ኩሽኔታው እያለቀ ወይም ፍሬኑ ሳይለቅ ቀርቶ ነው፤ ሳይፈታና ሳይታይ ከዚያ ቦታ መነሣት የለበትም።