የተሰበረው ድልድይና የተዘረጋው ገመድ

በሞጣ በኩል በዓባይ ላይ በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት እንደተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ ጎበዛዝቱ በወዲያና በወዲህ ቆመው መንገደኛውን በገመድ እየሳቡ ለብዙ ዘመን እንዳሻገሩት የአገሩ ሰው ያውቃል።

የመንፈስ መታደስም እንዲሁ የብዙ እጆች ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ በቃለ ዓዋዲ ደንብ ሰበካ ጉባኤን ስታቋቁም፣ ካህኑን፣ ምእመኑንና የሰንበት ትምህርት ቤቱን ወጣት በአንድ ምክር ያስቀመጠችው፣ ሐዋርያዊው አገልግሎት በአንድ ወገን ጉልበት ብቻ ስለማይጸና ነው።

እንዲሁም ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በተማሩባት፣ ከቢቸና በማትርቀው በዲማ ጊዮርጊስ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በደጅ ለቆመው ተማሪ ከሌማቷ ቁራሽ የምትዘረጋ እናት፣ የነገውን መምህር እየመገበች ነውና፣ የስብከተ ወንጌልን ዕቅድ በወረቀት ሳትጽፍ በእጇ ትፈጽመዋለች።

እንግዲህ የስብከተ ወንጌል ዕቅዳችን ከጸሎት ይጀምር፤ እያንዳንዳችንም «የገመዱን የትኛውን ጫፍ ይዣለሁ?» ብለን ኅሊናችንን እንጠይቅ።