ከወረት ወደ ልማድ

(በደባርቅ፣ በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር)



የማኅበራችን ኮሚቴ «በሆይታ የጀመርነው ሁሉ ለምን በወሩ ይቀራል?» በሚለው ላይ አንድ ነገር እንድናገር አዞኛል። እኔ ከአንደኛ ደረጃ ያላለፍኩ ሰው ስለሆንኩ የምናገረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤቴ ነው።

መጀመሪያ ልጠይቃችሁ። ከመካከላችን ረቡዕ ጧት ተነሥቶ «ዛሬ ወተት ልጠጣ ወይስ ልተው?» እያለ ከራሱ ጋር የሚሟገት ጿሚ አለ? የለም። እሱ ነገሩን የጨረሰው ድሮ ነው። «ለመጾም እየሞከርኩ ነው» አይልም፤ «ጿሚ ነኝ» ነው የሚለው። ሙስሊሙ ወንድማችንም በረመዳን እንዲሁ ነው። ማንነቱ ቀድሞ ስለ ቆመ ልማዱ ይከተለዋል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በአገራችን በ1995 ዓ.ም. ተጀምሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ በዳባት ገጠር ነበርን። ሞዴል ቤተሰብ ለመባል 96 ሰዓት መማርና ከ16ቱ ፓኬጆች አብዛኛውን በቤት ውስጥ መፈጸም ያስፈልግ ነበር። ተማርን። ሽንት ቤት ቆፈርን፤ ከበሩ አጠገብ ጀሪካን በስተን ሰቀልን። ተመረቅን፤ የምስክር ወረቀታችንንም ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ታዲያ ብዙም ሳይቆይ ጀሪካኑ ደረቀ። ለምን ቢባል፣ የፈለግነው ወረቀቱን ነበር እንጂ እኛ አልተለወጥንም ነበር።

እናቴ በዚያን ጊዜ ዓይኗን ትታመም ነበር። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን ሲወጋት በወረንጦ እያስነቀለች ነው የኖረችው። የዓይን ማዝ ነው፤ ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል፤ ክልላችንን በብርቱ የሚያጠቃ በሽታ ነው። በልጅነት እየተመላለሰ የዓይንን ቆብ ከውስጥ ያጠባስሳል። በኋላ በቀዶ ሕክምና ተቃናላት። ያከማት ባለሙያ ታዲያ «ቀዶ ሕክምናው ሽፋሽፍቱን ያቃናል፤ ዚትሮማክስ ተዋስያኑን ይገድላል። ግን በሽታው በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳልና የልጆቹን ፊት እጠቡ» አለን።

ቤት ስንደርስ ትንሿ ልጄ ከዚያ ወረቀት ሥር ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። አፈርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «መታጠብ አለብን» ማለት ተውን። «የዚህ ቤት ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ቁርስ አይቀርብም» አልን። ትልቅ ነገር አልጨመርንም፤ ጧት ቡና ከመጣዱ በፊት አንድ ጣሳ ውሃ ለልጆቹ ፊት፣ ይኸው ነው። ውሃ እንዳይጠፋ የፊቱ ማታ ተቀድቶ ያድራል። አንድ ቀን ሲያልፈንም «ድሮም አልሆነልንም» አላልንም። በስሕተት አንድ ቀን የገደፈ ሰው ሁዳዴን በሙሉ ይተዋል እንዴ?

ነገሩ መጽናቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ያቺው ልጄ የአጎቷን ልጅ «እኛ ቤት ሳይታጠቡ አይበላም» ብላ ከመሶቡ ስትመልሰው ሰማሁ። ማንም አላዘዛትም። ወረቀቱማ ያን ጊዜ ጢስ ጠጥቶ ጽሑፉ አይነበብም ነበር።

ግን ስም ብቻውን ጀሪካን አይሞላም። «ንጹሕ ነኝ» እያለ የማይታጠብ ሰው እንደ እኛ ወረቀት የለጠፈ ነው። በየቀኑ ትንሽ ሥራ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ እኔ ዛሬ ዘመቻ አላውጅም። እግዚአብሔር ክፉውን ያርቅልንና፣ ለልቅሶ በምንተክለው ድንኳን ብዙ ሰው ይበላል፤ በሩ ላይ ግን መታጠቢያ የለንም። ከእንግዲህ ጀሪካንና ሳሙና ይቁም፤ ሳሙና ሲጠፋ አመድም ይሆናል። በተራ እንሙላው፤ የመጀመሪያውን ተራ እኔ ወስጃለሁ። ውሃው አልቆ ያገኘ ሰው ግን «የማን ተራ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ይሙላ፤ የዚህ ማኅበር ሰው ነውና።