ስለ ማድቤት ጢስና ስለ ሕፃናት ጤና
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጢስ መናገራችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን ያደግነው እናታችን እንጀራ ስትጋግር በጀርባዋ ታዝለን ነውና ነገሩ የሁላችንም ነው።

«ጢስ መውጫ አያጣም» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን መስኮት በሌለው ማድቤት መውጫውን እስኪያገኝ ድረስ በእናቲቱና በሕፃኑ ሳንባ ይመላለሳል። አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ አራስ ልጅ ግን 40 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ስለዚህ በክብደቱ ልክ ሲታሰብ ከእናቱ ይልቅ ብዙ ጢስ የሚስበው እርሱ ነው። ከዚህም በላይ ሳንባው ገና ተሠርቶ አላለቀም፤ አየር የሚቀበሉት ጥቃቅን ከረጢቶች አብዛኞቹ የሚበጁት ከተወለደ በኋላ ነው።

ጉዳቱ ከመወለድም በፊት ይጀምራል። እንጨትና ኩበት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው ጋዝ ይወጣል። ይህም በእናቲቱ ደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ስለሚይዝ ለፅንሱ የሚደርሰው ያንሳል፤ ልጁም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት ከሞቱት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች መካከል ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበረ።

ታዲያ ምን ይደረግ? በጓቲማላ አገር እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በተደረገ ጥናት ለአንዳንድ ቤቶች የጢስ መውጫ ያለው ምድጃ ተሠራላቸው። የሕፃናቱ የሳንባ ምች በጠቅላላው በጉልህ ባይቀንስም፤ ብርቱው ዓይነት በሲሶ ያህል ቀነሰ። በአገራችንም «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶ በግማሽ ያህል ይቆጥባል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ለሁሉ እንዳልደረሰ እናውቃለን። ነገር ግን ማገዶን አድርቆ ማንደድ፤ በማድቤቱ ግድግዳ ላይ መስኮት ማውጣት፤ ሕፃኑንም ከጢሱ ማራቅ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እናታችን ሕፃኑን አዝላ የምትጋግረው የሚይዝላት ሰው ስታጣ ነውና አንወቅሳትም። ይልቅስ እኛ ወንዶች ልጆች ጭምር፤ ምጣዱ በተጣደ ሰዓት ታናሻችንን ተቀብለን ደጅ እንቀመጥ። ይህ ነውር አይደለም፤ የተማረ ልጅ ለቤቱ የሚከፍለው የመጀመሪያው ብድር ነው እንጂ።