አዲስ ሲመጣ ነባሩን አትርሱ

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ለንባብ የተዘጋጀ)

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ድመት ነው። አዎ፣ ስለ ድመት! «ፓስተር ዛሬ ምን ነካው?» እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ቤታችን ውስጥ ውሮ የምንላት ድመት አለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ጓዳው የሷ፣ የምድጃው ዳር የሷ፣ የልጄ አልጋ ግርጌም የሷ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት የባለቤቴ እህት አረፈችና የዘጠኝ ዓመት ልጇን እኛ ልናሳድገው አመጣነው። ልጁ ከገጠር ሲመጣ ልብሱን በፌስታል ይዞ ነበር። በጃኬቱ ውስጥ ደግሞ አንዲት የድመት ግልገል ደብቆ ነበር። እናቱ ቤት የተወለደች ናት። እስቲ ንገሩኝ፣ «መልሳት» የሚል አንጀት ማን አለው?

አሁን የእኔን ስሕተት ስሙ። «ውሮዬ፣ እህት መጣችልሽ!» ብዬ ግልገሏን ሳሎኑ መሀል፣ ውሮ አፍንጫ ሥር ቁጭ አደረግኋት። በቃ፣ በፍቅር ይተቃቀፋሉ ብዬ ነው። ውሮ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጠፈች፣ ፀጉሯን አቆመች፣ ጅራቷ እንደ መጥረጊያ ተነፋ። ከዚያ በጥፍሯ የግልገሏን አፍንጫ ቧጨረቻት። ልጁ ጮኸ። እኔም ተናድጄ ውሮን በነጠላ ጫማ መትቼ ከቤት አስወጣኋት። ሦስት ቀን አልተመለሰችም።

በሦስተኛው ቀን እራት ላይ ልጄ ቀና ብላ፣ «አባዬ፣ እሱ መቼ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው?» አለችኝ። ልጁ እዚያው ማዕድ ላይ ነበር። የጠቀለለውን እንጀራ ወደ ትሪው መለሰው።

ወገኖቼ፣ ስለ ፍቅር ስንት ዓመት ሰብኬአለሁ። በዚያች ማታ ግን የምመልሰው ቃል አጣሁ።

በማግስቱ ውሮ ተመለሰች። ግልገሏን ለማሳከም የሠፈራችን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩና ሁሉን ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥፋቱ የድመቷ አይደለም፤ የእርስዎ ነው። እንዳልተገናኙ ይቁጠሩና ከመጀመሪያው ይጀምሩ» አለኝ። ያለኝን ልንገራችሁ። ድመት ያላችሁ ለድመታችሁ ይሆናችኋል፤ ድመት የሌላችሁም ብትሆኑ አትለፉት።

አንደኛ፦ መጀመሪያ በር ይኑር

አዲሷ ግልገል ለብቻዋ አንድ ክፍል ይሰጣት። ምግቧ፣ ውኃዋ፣ አሸዋ ያለበት ሳጥኗ፣ መተኛዋ እዚያው ይሁን። ነባሯ ደግሞ የለመደችው ቤት አይወሰድባት። ለምን? ድመት የምትኖርበትን ቦታ ግዛቴ ብላ ታውቀዋለች። ድንገት ሌላ ድመት ስታይ «ጓደኛ መጣልኝ» አትልም፤ «ተወረርኩ» ነው የምትለው። በሩ ጥላቻ አይደለም፤ ለሁለቱም እፎይታ ነው። በዚያውም ግልገሏ በሽታ ይዛ እንደሆነ ይታያል። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ስለሚይዝ ሁለቱም መከተብ አለባቸው። ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሁለተኛ፦ ከመልክ በፊት ሽታ ይቅደም

ድመት የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው። ጉንጯን እግራችሁ ላይ፣ በር ላይ፣ ወንበር ላይ የምታሻሸው ሽታዋን ልትተው ነው፤ «ይሄ የኔ ነው» ማለቷ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ጨርቅ ወስዳችሁ የግልገሏን ጉንጭ ዳበስ ዳበስ አድርጉና ነባሯ አጠገብ አኑሩት። የነባሯንም ለግልገሏ። ቀን ቀን ደግሞ ክፍል አቀያይሯቸው፤ ሳይገናኙ አንዷ የሌላዋን ቦታ ታሽት። ሳይተያዩ መለማመድ ይጀምራሉ።

ሦስተኛ፦ በማዕድ አቀራርቧቸው

የአንዷን ሳህን ከበሩ ወዲህ፣ የሌላዋን ከበሩ ወዲያ አድርጉ። መጀመሪያ ከበሩ ራቅ ይበል፤ ተረጋግተው ከበሉ በየቀኑ ጥቂት ጠጋ አድርጉት። እኛ ሳንባ ቀቅለን ነበር የምንሰጣቸው። የዚያች የሌላዋ ሽታ በመጣ ቁጥር ጥሩ ምግብም አብሮ ሲመጣ፣ ልቧ ቀስ እያለ ይለወጣል።

አራተኛ፦ ጥቂት በጥቂት ይተያዩ

በሩን ገርበብ አድርጉ፤ መጀመሪያ በስንጥቅ ይተያዩ። ከዚያ እናንተ ባላችሁበት ለጥቂት ደቂቃ ይገናኙ፤ ነገር ሳይበላሽ ለዩአቸው። ነባሯ «እስስ» ብትል አትቆጧት። ድመት እንዲህ ስትል «እዚያው ቁሚ፣ አትቅረቢኝ» እያለች ነው፤ ጠብ እንዳይመጣ ማስጠንቀቋ ነው። በዚያ ሰዓት የሚመታት ሰው የሚያስተምራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያቺ ግልገል በመጣች ቁጥር ዱላ ይመጣል። እኔ በነጠላ ጫማዬ ያስተማርኳት ይህንኑ ነበር! ድብድብ ከተነሣ ግን እጃችሁን መሀል አታስገቡ፤ በትራስ ወይም በካርቶን ጋርዷቸው።

አምስተኛ፦ ለእያንዳንዷ የራሷ ይኑራት

ሁለት ሳህን፣ ሁለት መተኛ ይኑር። የአሸዋው ሳጥን ደግሞ ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ፤ ለሁለት ድመት ሦስት ሳጥን፣ በተለያየ ቦታ። ለነባሯ ግልገሏ የማትደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይተውላት። ከሁሉ በላይ የቀድሞ ፍቅሯ አይጓደልባት። ስታቅፏት የነበረ እቀፏት፤ አስቀድማችሁ ስታበሏት የነበረ አሁንም አስቀድሙላት።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አልኩት ሐኪሙን። «ለአንዳንዶች ሳምንት፣ ለአንዳንዶች ወራት። ፍጥነቱን የምትወስነው የፈራችው ናት» አለኝ። አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ?

ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ልቤ ተነካ። ለድመቷ ያደረግሁትን ለልጄም አድርጌባታለሁ! አንድ ቀን ሳናማክራት ክፍሏን ለሁለት ከፈልንባት። ብርድ ልብሷን ለልጁ ሰጠንባት። ቅር ሲላት «አንቺ ትልቅ ነሽ፣ ቻይ፤ እሱ እናት የለውም» እያልን አፏን ዘጋናት። እውነት ነው፣ እሱ እናት የለውም። እሷ ግን አባቷን እያጣች እንደሆነ ማን አየላት? ያቺ የእራት ላይ ጥያቄ ክፋት መስላኝ ነበር። የድመቷ «እስስ» ነበረች።

ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኋት። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ክብሩ አይቀንስም፣ ወገኖቼ። ብርድ ልብሷን መለስንላት፤ ለልጁ የራሱ ገዛንለት። ክፍሉ መሀል መጋረጃ ሰቀልን፤ እሱም የራሱ ጥግ አገኘ፤ እሱም ለካ ብቻውን የሚያለቅስበት ቦታ ቸግሮት ኖሯል። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ የምሄደው ከሷ ጋር ብቻ ሆነ። «እሱን ውደጂ» የሚለውን ትእዛዝ ተውኩት። ፍቅር በትእዛዝ ከመጣማ ውሮም በታዘዘችልኝ ነበር!

ያን የጠፋውን ልጅ ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ታናሹ ብዙ ሰብከናል፤ ታላቁን ግን «ቀናተኛ» ብለን እናልፈዋለን። አባትየው ግን አላለፈውም። ለታናሹ ከሩቅ ሮጦ ወጣለት፤ ለታላቁም የግብዣውን አዳራሽ ትቶ ወጣለት። ደጅ ቆሞ ለመነው። በእጁ ያለው እንዳልተወሰደበት አስረዳው። አያችሁ? የአንዱ መምጣት የሌላው መጉደል እንዳልሆነ ያስረዳው በቁጣ ሳይሆን ወደ እርሱ በመውጣት ነው።

ዛሬ በቤታችሁ አዲስ ሰው ገብቶ ይሆናል። ጨቅላ ተወልዶ ታላቁ አልጋው ላይ መሽናት ጀምሮ ይሆናል። እንጀራ ልጅ ወይም የሟች ወንድም ልጅ መጥቶ ይሆናል። አሮጊት እናት ከገጠር መጥተው ሚስት ጓዳዋ ጠቧት ይሆናል። በቤተ ክርስቲያንም ለአዲሱ አማኝ እልል እያልን፣ ሃያ ዓመት ወንበር ያነጠፈችውን እህት ረስተናት ይሆናል። አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ በደጅ ቆሞ ያኮረፈው ማነው? ዛሬ ማታ ሳይመሽ ውጡለት። አትቆጡት፤ አጠገቡ ተቀመጡ።

ውሮና ግልገሏስ? አራት ወር ፈጀባቸው። እስከ ዛሬ ተቃቅፈው አይተኙም፤ ግን አንድ ጓዳ ውስጥ፣ አንድ እርምጃ ተራርቀው በሰላም ይበላሉ። ሐኪሙም «ይህም ሰላም ነው» ብሎኛል። ልጄ ደግሞ ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጎረቤታችን፣ «ይሄ ልጅ ማነው?» ብለው ጠየቋት። ቆም አለችና፣ «ወንድሜ ነው» አለች። ማንም አላዘዛትም።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። የመጣውንም የነበረውንም የምታዩበት ዓይን ይስጣችሁ። አሜን።