ከቶርኖ ቤት ወደ ጠፈር

አንደኛ አቅራቢ፦ የኤሮስፔስ ምህንድስና፣ ማለትም አውሮፕላንን፣ ሮኬትንና ሳተላይትን የመንደፍና የመሥራት ሙያ፣ ከነቀምቴ፣ ከጊምቢና ከሻምቡ ለሚነሣ ተማሪ የራቀ ይመስላል፤ ሆኖም በ1940 ዓ.ም. በከፋ፣ ቦንጋ የተወለዱት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ከናሳ የደረሱት እንደነዚህ ካለች ከተማ ተነሥተው ነው።

ሁለተኛዋ አቅራቢ፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን መነሻቸው ጠፈር አልነበረም።

አንደኛ፦ አልነበረም። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተማሩት የመካኒክነት ሙያ ሲሆን፣ እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ተማሪው ቶርኖ፣ ማለትም ብረትን እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን፣ ፊት ቆሞ የሚሊሜትር ክፋይ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በእጁ ይማራል፤ ቅጣው ወደ ጃፓንና ወደ አሜሪካ የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛዋ፦ እንግዲያው በ1999 ዓ.ም. በተመሠረተው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የሚያጠና ተማሪም በሁለተኛ ዲግሪ ወደ ዘርፉ ሊሻገር ይችላል ማለት ነው።

አንደኛ፦ ሒሳቡና ፊዚክሱ ከጸና፣ አዎን።

ሁለተኛዋ፦ ወደ ቅጣው ስንመለስ፣ የመሪነታቸው ጉዳይ ግን ያከራክራል፤ ኋላ የኢትዮጵያ ብሔራዊ አንድነት ግንባር የተባለውን የፖለቲካ ድርጅት መምራታቸው ከምህንድስናው ጋር ምን ያገናኘዋል?

አንደኛ፦ ፖለቲካው ሌላ ሚዛን አለው፤ የቡድን አመራር ግን የሙያው አካል ነው። ለምሳሌ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት የኃይል፣ የካሜራና የመገናኛ ባለሙያዎችን ቅንጅት ጠይቃለች።

ሁለተኛዋ፦ ይህስ ያስማማል፤ ወደ ፓርቲ ሊቀ መንበርነት እስካልተዘረጋ ድረስ።