ሦስት ቀን በሮማ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገችው ንግግር)



ባለፈው ክረምት አክስቴን ለመጠየቅ ወደ ሮማ ሄጄ ስለ ነበር፥ ያየሁትን እንድነግራችሁ ታዝዣለሁ። ሮማን በሦስት ቀን አየሁ ማለት ባሕርን በጣሳ ጨልፎ ቀመስሁ እንደ ማለት ነውና፥ የምናገረው የቀመስሁትን ያህል ብቻ ነው።

ከመሄዴ በፊት አያቴን ልሰናበት ገባሁ። አያቴ አልጋ ላይ ከዋለ ወራት አልፈውታል። እጄን ይዞ፥ «ሮማ ከደረስሽማ አበበ ቢቂላ የሮጠበትን መንገድ እዪልኝ። ለስላሳ ነው ወይስ ድንጋይ? በባዶ እግርሽ ረግጠሽ ንገሪኝ» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈ ጊዜ አያቴ ገና ጎረምሳ ነበር። ወሬው በዘመን መለወጫ እንደ ተሰማ ከጎረቤቱ ጋር ክርክር ገጠሙ። ጎረቤቱ «መንገዱ ልስልስ ቢሆን ነው እንጂ፥ 42 ኪሎ ሜትር በባዶ እግር ማን ይችለዋል?» ሲል፥ አያቴ ደግሞ «ድንጋይ ነው!» ይል ነበር። ክርክሩ ሳይቆረጥ ጎረቤቱ አምና ዐረፈ።

በመጀመሪያው ቀን ኮሎሴዎምን አየን። ከተመረቀ ከ1900 ዓመት በላይ የሆነው ይህ ሕንፃ ግማሹ ፈርሶ እንኳ ሰውን ያሳንሳል። ሆኖም ሰውና አውሬ ለጨዋታ ሲባል የሚገደሉበት ስፍራ መሆኑን ሳስበው ማድነቁ አልሆነልኝም። ይልቅስ ፓንቴዎን የሚባለው እጅግ ደስ አሰኘኝ። የጣራው ክብ ወርድ 43 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በመካከሉ ያለ ክዳን የተተወ ቀዳዳ አለ፤ ዝናብ ሲጥል ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፥ በወለሉም ላይ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወርዳል።

በማግሥቱ ወደ ቫቲካን ሄድን። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። የእኛ አገር መነኮሳት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያረፉበት ቤት ነው፤ ከእነርሱም አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1541 ዓ.ም. ገደማ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በሮማ አሳተሙ። እኔም አገሬ የገባሁ ያህል ቀልጠፍ ብዬ ብጠጋ፥ ዘበኛው ያለ ፈቃድ አይገባም ብሎ መለሰኝ። ስለዚህ 551 ደረጃ ወጥቼ ከጉልላቱ ላይ ጣራውን ብቻ ቁልቁል አየሁት። ጉልበቴ እስከ ማታ ተንቀጠቀጠ።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ልብስ ልትገዛልኝ አስባ ነበር። «አክስቴ፥ የአባባ አደራ ይቀድማል» ብላት በመጀመሪያ ቅር አላት፤ በኋላ ግን እርስዋም ጫማዋን ቀይራ ተነሣች።

የጥንቱ የአፒያ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ በጥድ ዛፎች መካከል ይዘልቃል። አንዳንዱ ክፍሉ ዛሬም በታላላቅ ጥቁር ድንጋዮች የተነጠፈ ነው። ድንጋዮቹ አይገጥሙም፤ በየመካከላቸው እግር የሚያስገባ ክፍተት አለ። ጫማዬን አውልቄ ተራመድሁ። መቶ እርምጃ ሳልሞላ ተቀመጥሁ፤ አክስቴም ትስቅብኝ ጀመር። አበበ ግን በዚህ መንገድ የመጣው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ፥ ወታደሮች ችቦ ይዘው ሲያበሩ ነበር።

ነገር ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። ሩጫው ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ተነሥቶ ብዙውን ርቀት የሄደው በሰፊ የአስፋልት ጎዳና ነው፤ ወደ አፒያ የገባው በመመለሻው ላይ ነው። እንግዲህ የሟቹም ክርክር ፈጽሞ ባዶ አልነበረም። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ለታመመ ሰው ድንጋዩን ብቻ ብነግረውስ እያልሁ ብዙ አሰብሁ።

ከዚያ ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ሄድን። 24 ሜትር የሚሆነው የአክሱም ሐውልት የቆመው በዚህ ነበር። ፋሽስቶች ወስደው በ1930 ዓ.ም. ተከሉት፤ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ልትመልስ ግዴታ ብትገባም፥ ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው። አበበ ሲሮጥ በአጠገቡ አልፎ፥ ከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ባለው በቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ። ዛሬ ሐውልቱ በነበረበት አደባባይ መኪና ይተላለፋል። ባዶ ቦታ አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማታ ለአያቴ ስልክ ደወልሁ። ድንጋዩንም፥ አስፋልቱንም ነገርሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ተቀየመ ብዬ ፈራሁ።

«እግርሽን ታጠብሽ?» አለኝ።

«አዎን፥ አባባ።»

«ደግ። አስፋልቱን አልሽኝ… ያ ሰውዬ ቢኖር ኖሮ አሁን እንዴት በሣቀብኝ!»